የቅዳሜ ጭስ

ሱቄ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ከእኔ ይልቅ የባጃጅ ሾፌሮቹ ንብረት ነው። ዲሹን የተከልሁት እኔ፣ መብራቱን የምከፍለው እኔ፣ ጣቢያ የሚመርጡት እነሱ። አሶሳ ላይ ሱቅ ከፍተህ ኳስ ካላሳየህ ሳሙና የሚገዛህ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ዝናቡ ሾፌሮቹን ሁሉ ለሥራ ሲያሯሩጣቸው ሪሞቱ እጄ ገባና እንዲሁ ስነካካ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቆምሁ። ከጦርነቱ በፊት በአንዲት የአውሮፓ ከተማ ስለነበሩ አይሁዶች ኑሮ ነው የሚያወራው። ተራኪው በአማርኛ ነው፤ የከተማዋን ስም ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አልሰማሁትም። ገበያቸው ሰፊ ነው። ባርኔጣ ያላደረገ ወንድ የለም። አንዲት ሴትዮ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸችና አፍንጫዋን ነፋች፣ ትታ ሄደች፣ ጥጉ ጋ ስትደርስ ዞረች። ሻጩም እንደምትዞር አውቆ ጨርቁን አላጠፈውም። ሳቅሁ። ይህችን ሴትዮ በየሳምንቱ አስተናግዳታለሁ፤ ቤቷ ባምባሲ ነው።

ተራኪው ቀጠለ። አርብ ማታ ሻማ ያበራሉ፣ ቅዳሜ ግን እሳት አይነኩም አለ። ብርድ አገር ነው፤ በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከእነሱ ወገን ያልሆነ አንድ ጎረቤት ከቤት ቤት እየዞረ ምድጃቸውን ይለኩስላቸዋል። ሰውየውን አሳዩት። ጺሙን ያልተላጨ፣ ካፖርቱ ክርኑ ላይ የተቀደደ፣ እንጨት በብብቱ የያዘ ሰው ነው። ካንዱ በር ወጣና ካሜራውን ሲያይ ቶሎ ፊቱን አዞረ።

"ጋሼ ይማም፣ ስኳሩ ፈሰሰኮ!" አለችኝ እየመዘንሁላት የነበረችው ደንበኛዬ።

ስኳሩ በሚዛኑ ዙሪያ መሬት ላይ ነው። ዓይኔ ከቴሌቪዥኑ አልተነቀለም።

"ምን ሆኑ? ላምጣልዎት ውሃ?"

የዚያን ሰውዬ ሥራ እኔም ሠርቼዋለሁ ብላት ምን ይገባታል? "ዝናቡ ነው" አልኋት። ስኳሩን አፈስሁና እንደገና መዘንሁ፤ ፍርሃቱ ግን እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ፍርሃት እንደ ወባ ነው፤ አንዴ ከገባ ደም ውስጥ ይተኛል እንጂ አይወጣም።

ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ ደሴ ላይ ልባሽ ጨርቅ የምነግድ ጎልማሳ ነበርሁ። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይጠጣ በነበረበት ዘመን፣ ከሸሚዝ ሁሉ ማለፊያውን ለራሴ አስቀርቼ፣ ሰፊ ቦላሌ ሱሪ ለብሼ፣ ፒያሳ ጥግ ላይ ካለችው ሻይ ቤት በር ተደግፌ ቴፑ የሚዘፍነውን የምደግም ሰው። የቦላሌው ስፋት መንገድ ይጠርጋል ይሉኝ ነበር፤ ይጠርግ ነበር። ከዚያ ድርቁ መጣ። ልብስ የሚገዛ ጠፋ፣ ልብሱን የሚሸጥ በዛ፤ ንግድ የሚሞተው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ስንዴ ይታደላል ተባለና ሰልፍ ያዝሁ። ሰልፉ ረዥም ነበር፤ ጫፉ አሶሳ ላይ ነው የወጣው። በሆዱ ሰው እንደ ጆንያ በሚጭን አውሮፕላን ተጭኜ፣ ቦላሌዬን እንደለበስሁ፣ ስሙን ሰምቼው በማላውቀው አገር ወረድሁ። ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። "እንኳን ደህና መጣችሁ ጓዶች" ያለን ሰው ሽጉጥ ታጥቆ ነበር።

የሰፈርንበትን አምባ ይሉታል፤ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ጎጆዎቹ በቀርከሃ የታጠሩ፣ በሣር የተከደኑ፣ እንደ ወታደር በረድፍ የቆሙ ናቸው። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ብረት በዱላ ሲደበደብ እንነሳለን፣ ሲደበደብ እንበላለን። የታደለን ሰማያዊ ካኪና የኮንጎ ጫማ ነው። ጫማው ፀሐይ ሲመታው እግርን ይቀቅላል። እኔ ካኪውን ለሥራ አድርጌ ቦላሌዬን ለክብር አስቀመጥሁት። ዛሬ ያ አምባ የት ጋ እንደነበር ለልጆቼ ሳሳያቸው ማንጎ ብቻ ነው የሚያዩት፤ "ደስ ይላል" ይሉኛል። ጥላው ደስ ይላል፤ እውነት ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ወባው ወረደብን። ደገኛ ወባ ሲይዘው መታመሙን እንኳ አያውቅም፤ ብርድ መታኝ ብሎ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ እዚያው ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ቃሬዛ የያዙ ቀባሪዎች በረድፉ መሀል ያልፋሉ። በር አያንኳኩም፤ የሚያዩት ጣራ ነው። በክዳኑ ሣር ጭስ ከተነነ ሰው አለ፤ ካልተነነ ሞተዋል ማለት ነው፤ ገብተው ያወጣሉ። አለቃቸው አያ እንድሪስ የሚባል የወረባቦ ሰው ነበር። ድምፁ አይሰማም፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። "እንዴት አደርህ ይማም" ሲለኝ እንኳ ጣራዬን እያየ ነበር። ስለዚህ የምናበስለው ባይኖርም እናጨስ ነበር። የታመመ ሰው እየዳኸ ምድጃው ጋ ይሄዳል፤ ቁርስ አምሮት ሳይሆን በሕይወት እንዳይቀበር።

ከእኔ ጎጆ ጎን፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ክፍተት፣ አያ መንገሻ የሚባል የላስታ ሰው ከሚስቱ ከእታለም ወርቄና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። እሱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ እሷ ሸክላ ትሠራለች። በኛ አገር ይህ ከተባለ ሌላ አይጠየቅም፤ ሰው ማረሻቸውን ይገዛል፣ ዓይናቸውን ይሸሻል። በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ ይባላል። እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይሉ ነበር። ሌላው የሚጠራቸውን ስም ታውቁታላችሁ፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም።

ቀባሪዎቹ ጣራ ማየት በጀመሩበት ሳምንት፣ አርብ ከሰዓት ወንዝ ወረዱ፣ ገላቸውን ታጠቡ፣ ልብሳቸውን አጠቡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም እሳታቸውን አጠፉት። ቅዳሜ ጠዋት ጭስ የለም። አያ እንድሪስ በሩን በትከሻው ገፋና ከነቃሬዛው ገባ። ወዲያው "ቢስሚላህ!" የሚል ጩኸት ሰምቼ ሮጥሁ። አራቱም ታጥቦ የነጣ ካኪያቸውን ለብሰው፣ ተደርድረው ተቀምጠው ያዩታል።

"አልሞታችሁም?" አለ አያ እንድሪስ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሞትንም" አለ አያ መንገሻ።

"ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?"

"ሰንበት ነው።"

አያ እንድሪስ አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ግን ወሬውን ይዘውት ወጡ። በምሳ ደወል ላይ አምባው ሁሉ ሰማ፤ ሰው ሁሉ እየረገፈ እነሱ ያለ እሳት ይኖራሉ። ምን እየበሉ ነው? አንዷ ሴት "እኛን ነዋ!" አለች፣ ማንም አልሳቀም። እኔ ገበያ ያሳደገኝ ነኝ፤ ሕዝብ መቼ እንደሚገዛና መቼ እንደሚደባደብ ከድምፁ አውቃለሁ። ያ ድምፅ የመግዛት አልነበረም።

ማታውን አያ መንገሻን "ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እሳት ልጫርልህ?" አልሁት።

"በቤቴ በሰንበት እሳት አይነድም። አንተ ብትጭረውም ያው ነው።"

"ከቤትህ ውጭስ?"

"ከቤቴ ውጭ ያለው የመንግሥት ነው" አለ።

ነጋዴ ነኝ፤ እሺታ መሆኑ ገባኝ። በሁለቱ ጎጆዎች መሀል ትንሽ ጉድጓድ ቆፈርሁ። ወፍራም ቀርከሃ ቆርጬ አንጓውን በጋለ ብረት በሳሁትና አንዱን ጫፍ በጉድጓዱ፣ ሌላውን በጣራቸው ጠርዝ ላይ አሰርሁት። እርጥብ ቅጠልና ፍግ ሲጨስ በክዳናቸው ሣር ላይ ተኝቶ ይተናል። ሙቀቱ ለኔ፣ ጭሱ ለነሱ። ከዚያ ወዲህ አያ እንድሪስ ቅዳሜ ሲያልፍ ጣራቸውን ያያል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ያልፋል።

ደግ ሰው ነበርሁ እንዳትሉ። አያ መንገሻ የሥራ ብርጌዳችንን ዶማ ሲጠግን ከሚተርፈው ብረት ቢላዋ ይሠራል፤ እኔ ንግድ በተከለከለበት በዚያ ዘመን በቀርከሃው ጫካ ሾልኬ በመንጌ መንገድ ላለ ሀሩን ለሚባል የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው አደርሰዋለሁ፤ ማርና ሰሊጥ፣ አንዳንዴም ባሚያ ይዤ እመለሳለሁ። ሀሩን ስለቱን በጥፍሩ እየሞከረ በሰባራ አማርኛው ይጠይቀኛል።

"ይሄ ሰውዬ እጁ ጥሩ ነው። እናንተ ለምን እሱን ትፈራለህ?"

"ሰው ይበላል ይላሉ።"

"ወላሂ እናንተ ደገኛ! ሰው ራቡ፣ እናንተ ሰው በላ ይላል!"

አርብ የሀሩን፣ ቅዳሜ የመንገሻ፣ እሁድ የክርስቲያኑ ነበር፤ አብዮቱ ሰባቱንም ለራሱ ወሰዳቸው። አያ መንገሻ በደጁ ስለሚሠራ ለደወል አይወጣም፤ የቅዳሜን ሥራ እሁድ ያካክሰው ነበርና የአምባው ካድሬ አልነቃበትም ነበር። እስከዚያች ቅዳሜ።

ከአዲስ አበባ ፊልም አንሺዎች መጡ። የሠፋሪውን አዲስ ሕይወት ሊያሳዩ ነው። ከሌላ አምባ በሬ ተመረጠልንና መጣ፣ ወፍራም ሰው ተፈልጎ ጠፋ። ካሜራ የያዘው ሰው ማሽላውን አነሳ፣ መዝሙሩን አነሳ፣ ከዚያ "የሚንቀሳቀስ ነገር አጣሁ፤ እሳት የለም? ፍንጣሪ?" አለ። ካድሬው ፊቱ በራ። ሁላችንም እየተከተልን የአያ መንገሻ ደጅ ደረስን።

"ጓድ መንገሻ፣ ወናፉን አስነሳ!"

አያ መንገሻ በሩ ላይ ቆሟል። እታለም ወርቄ ልጆቹን ከኋላዋ ደብቃለች።

"ዛሬ አይሆንም ጓድ።"

"ምን አልክ?"

ከሕዝቡ መሀል "ዛሬማ ቀኑ አይደለም፣ ጠይቁት እስቲ!" አለ አንዱ። የሚሆነውን አየሁት። ሰንበት ነው ካለ ፀረ አብዮት ነው፤ እንዲህ ተብለው በመኪና የሄዱ ሰዎች ጎጆ ለሌላ ሰው ሲሰጥ አይተናል። እሺ ብሎ ቢጭር ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚኖረው ሰው መንገሻ አይደለም። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። የኔም ይወርዳል። አፌ እኔን ሳይጠይቀኝ ተናገረ።

"ጓድ፣ ዋናው ቀጥቃጭ እኔ ነኝ። እሱ ረዳቴ ነው።"

ሰው ቄስ ነኝ ብሎ ይዋሻል፣ ሼህ ነኝ ብሎ ይዋሻል፣ የደጃዝማች ልጅ ነኝ ብሎማ ያልዋሸ የለም። ቀጥቃጭ ነኝ ብሎ የዋሸ ሰው ግን በወሎ ምድር ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ማንም አልተጠራጠረኝም። አጠገቤ የቆመችው ሴት ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ጣለችው። ካድሬው፣ ያ በየሳምንቱ "ጎጂ ልማድ ይወገድ!" እያለ የሚጮኽብን ካድሬ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ወናፉንና መዶሻውን ወደ ራሴ ደጅ ጎተትሁ። ለፊልሙ ብዬ ካኪዬን አውልቄ ቦላሌዬን ለብሼ ነበር። እሳቱን አነደድሁ፣ ብረቱን አጋልሁ፣ መታሁ። እኔ መዶሻ የማውቀው ሚስማር ስመታ ነው። ብረቱ እንደ ውሻ ጭራ ተጠመዘዘ፤ ፍንጣሪው ግን እንደ ልብ ነበር፤ ቦላሌዬን ከጉልበቱ በታች ወንፊት አደረገው። "ግሩም! ሳቅ! ወደዚህ እየሳቅህ!" ይላል ካሜራ የያዘው። ጥርሴ ይንገጫገጭ ስለነበር ሳቅ መሰለው። ያንን ፊልም አይቼው አላውቅም። የሆነ መጋዘን ውስጥ አንድ ደስተኛ ሠፋሪ ቀጥቃጭ አለ፤ ያ የፈራ ሰው ነው።

አምባው እኔንም ለየኝ። ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ያነሳሉ። የብርጌዴ ሰዎች ከኔ ጋር ከአንድ ሳህን መብላት ተዉ። ድርሻዬ እንኳ በዝቶልኝ ነበር፤ ግን አይዋጥልኝም። ከዚያ የብርጌዱ መሪ ሙሄ ታመመ። ትልቅ፣ የተወደደ ሰው ነው። እናቱ ጨርቅ አጭሳ አፍንጫው ሥር ይዛ "ማን በላህ? ተናገር! ማን በላህ?" ትለዋለች። ልማዱ ይኸው ነው፤ በሽተኛው ሲለፈልፍ የበላውን ሰው ስም ይጠራል። ስም እስኪጠራ ወንዶቹ በሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ገጀራ ይዘው ነበር። ገጀራውን የሞረደው አያ መንገሻ ራሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጭሱን አስነስቼ በቀርከሃው ግድግዳ አንሾካሾክሁ።

"አያ መንገሻ፣ አሁኑኑ ልጆችህን ይዘህ ውጣ። ከሀሩን ጋር ተስማምተናል፤ ጫካው ጋ ይጠብቃችኋል፤ በኩርሙክ ወደ ሱዳን ያሻግራችኋል።"

"ሰንበት ነው ይማም። ዛሬ መንገድ አንሄድም።"

"ሰውየው ስምህን ቢጠራስ?"

"ከጠራኝ ቤቴ ያገኙኛል።"

እታለም ወርቄ ከወዲያ በኩል "አንተስ?" አለችኝ። "ስምህን ቢጠራ አንተስ?"

እነሱ ውስጥ ተቀምጠው ይጸልያሉ፤ እኔ ውጭ ተንበርክኬ ቅጠል እጨምራለሁ። ከሙሄ ጎጆ ጩኸት በተነሳ ቁጥር እጄ እሳቱ ላይ ይቀራል። እኔን ነው? እሱን ነው? አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሱን በሆነ ያልሁበት ጊዜም ነበር፤ ቀጥሎ ልጆቹ ሲያስሉ እሰማለሁና ቅጠሉን እጨምራለሁ። ቀኑ አልመሽ አለ። ኮከብ ሲወጣ ግድግዳው ተኮረኮረ። እታለም ወርቄ በስንጥቁ የአርብ ዳቦዋን ቁራሽ ሰጠችኝና "ሰንበት ሰላም" አለችኝ፤ ሰንበቱ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማሁት እየራቀ የሄደ የሣር ድምፅ ብቻ ነው።

ሙሄ እሁድ ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቀው። የጠራው ስም የእናቱን ነው፤ "እማ፣ ውሃ" አለ። ገጀራ የያዙት ሰዎች እያዛጉ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሀሩን ከብዙ ቀን በኋላ መጥቶ "ኻላስ፣ ኩርሙክ አለፈ። ሴትዮ ደህና ነው፣ ልጅ ደህና ነው" አለኝ። ከኩርሙክ ወዲያ የሆነውን አላውቅም። ብዙ ሰው በዚያ በረሃ ቀርቷል፤ ብዙ ሰውም ደርሷል።

የዚያች የአውሮፓ ከተማ ፊልም ሲያልቅ ተራኪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከዚያ ጎዳና ሰዎቹ ሁሉ ተወሰዱ፣ ተገደሉ አለ። የነሱ መከራ በኛ አይለካም፤ አልለካውምም። እኔ ያሰብሁት ያንን ካፖርቱ የተቀደደ ሰውዬ ነው። ከተወሰዱ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ ምን አደረገ? እንጨቱን ይዞ ወጣ? በሮቹን አንኳኳ? ወይስ እነሱን ሲወስዱ መጋረጃውን ዘጋ? ፊልሙ አልነገረንም። ሾፌሮቹ ዝናቡ አባርቶ ገብተው "ጋሼ፣ ኳሱ ተጀምሯል!" ሲሉኝ ሪሞቱን ሰጠኋቸው።

እኔ ግን እነ መንገሻ በሄዱ ማግስት ያደረግሁትን አውቃለሁ። ጎጆው ባዶ መሆኑ ከታወቀ ለኩርሙክ መንገድ ጠባቂዎች መልእክት ይሄዳል፤ ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው ደግሞ ሩቅ አይደርስም። ሳይነጋ ገባሁና ለመጀመሪያ ጊዜ በነሱ ምድጃ ላይ እሳት ጫርሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። በማግሥቱም። የጠየቀኝን ሁሉ "አራቱም በወባ ተኝተዋል" እለዋለሁ፤ ቡዳም ወባም ያለበት ቤት የሚጠጋ ሰው አልነበረም። መፈራታቸው ያኔ ብቻ ጠቀማቸው። አንድ ጠዋት ግን አጎንብሼ እሳቱን እፍ ስል በሩ በትከሻ ተገፋ። አያ እንድሪስ ነው። ከኋላው ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል። ባዶውን መደብ አየ፣ የልጆቹን ቦታ አየ፣ እኔን አየ።

"አያ እንድሪስ፣ እኔ..."

"ዝም በል።"

ቁጭ አለ። እጆቹን እሳቱ ላይ ዘርግቶ አሞቃቸው። ከዚያ ጣራውን ከውስጥ በኩል ቀና ብሎ አየና "ነገ እርጥብ ቅጠል አብዛበት። ከሩቅ ሲታይ ሳስቷል" አለኝ። ተነሳ፣ በሩን ከኋላው ገጠመው፣ ለተሸካሚዎቹ የሚላቸውን ሰማሁት።

"አሉ። እንለፍ።"